ገመድ አልባ ኢንተርኮም ለመኖሪያ ግቢ፦ አመራረጥ፣ አተካከልና አጠቃቀም

«ሳሎን ሆኜ የውጭውን በር የሚያንኳኳውን ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ፤ የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከእንጅባራ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጥያቄው ዘወትር ስለ ዕቃው ነው፤ መልሱ ግን በአብዛኛው የሚገኘው በግቢው ውስጥ ነው። በአንድ ቤት ጥርት ብሎ የሚሰማ መሣሪያ የቆርቆሮ አጥርና የላሜራ በር ባለበት ሌላ ግቢ ውስጥ ድምፁ ሊቆራረጥ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ግቢውን ከመለካት ይጀምራል፤ ግድግዳ መብሳት የሚመጣው ሁሉም ነገር ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚህ በታች «የበር መነጋገሪያ» የምለው ከውጭ በር ላይ የሚሰቀለውን ቁልፍና ድምፅ ማጉያ ያለውን ክፍል ሲሆን፣ «የውስጥ መነጋገሪያ» የምለው ደግሞ በክፍል ውስጥ የሚቀመጠውን ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለምርጫና ለሙከራ፦
- ወረቀትና እርሳስ፤
- ሜትር፣ ከሌለም በእርምጃ መለካት ይቻላል፤
- የሚረዳዎት አንድ ሰው፤
- መነጋገሪያውን ለጊዜው ግድግዳ ላይ ለመያዝ ናስትሮ ወይም ሲባጎ።

ለተከላ፦
- ትራፓኖና የ6 ሚሊ ሜትር የግንብ መብሻ፤
- የ6 ሚሊ ሜትር ፊሸርና ልኩ የሆነ ቪቴ፤
- ካቻቢቴ፤
- ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ እንጨት፣ በሩ ወይም አጥሩ ብረት ከሆነ፤
- ውኃ የማያስገባ ሲሊኮን፤
- 5 ቮልት የሚሰጥ የስልክ ቻርጀርና ፓወር ባንክ፤
- መሣሪያው በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ መለዋወጫ ባትሪ።

1. ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይጻፉ

ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከውጭ በር እስከ ሳሎን ነው። ከዋናው ቤት እስከ ማድ ቤት፣ እስከ ሰርቪስ ቤት ወይም እስከ ዘበኛው ክፍል ድረስ የሚፈልግም አለ፤ አልጋ ላይ የዋሉ እናት ወይም አባት አስታማሚያቸውን እንዲጠሩ የሚፈልግ ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። ይህን አስቀድሞ መለየት የሚጠቅመው የሚገዛው ዕቃ ስለሚለያይ ነው። ለውጭ በር ዝናብ የሚችል መነጋገሪያ ያስፈልጋል። ለታማሚ ግን ቁልፉ ትልቅና ጥቂት የሆነ፣ ቢቻልም ቁልፍ ሳይነካ ድምፅ የሚያስተላልፍ ይመረጣል። የሚነጋገሩት ቦታዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ እያንዳንዱን በራሱ ቁጥር ለይቶ መጥራት የሚቻልበት መሣሪያ ይግዙ፤ አለበለዚያ ማድ ቤቱን በጠሩ ቁጥር የተኛው ሕፃን ክፍል አብሮ ይጮኻል።

ጥንቃቄ፦ ገመድ አልባ የበር ደወል ኢንተርኮም አይደለም። ደወሉ ይጮኻል እንጂ አያነጋግርም። ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ በሚመሳሰል ሳጥን ስለሚሸጡ በበሩ ክፍል ላይ ከቁልፉ ሌላ የድምፅ ማጉያ ወንፊትና የማይክ ቀዳዳ መኖሩን ይመልከቱ።

2. ግቢውን ይለኩ፣ በመካከል ያለውን ግርዶሽ ሁሉ ይመዝግቡ

በወረቀቱ ላይ ግቢውን በግምት ይሳሉና መነጋገሪያዎቹ የሚቀመጡባቸውን ቦታዎች በቀጥታ መስመር ያገናኙ። ሰው ከበር ወደ ሳሎን ዞሮ ቢገባም የሬዲዮ ሞገድ የሰውን መንገድ አይከተልም፤ ስለዚህ የሚለካው በመስመሩ ላይ ያለው ርቀትና መስመሩ የሚያቋርጠው ነገር ነው። አንድ መደበኛ የአዋቂ እርምጃ ሦስት አራተኛ ሜትር ያህል ስለሆነ 40 እርምጃ ወደ 30 ሜትር ይጠጋል።

ርቀቱን ከመዘገቡ በኋላ መስመሩ የሚያቋርጠውን እያንዳንዱን ነገር በስሙ ይጻፉ፤ ከርቀቱ ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነውና። ብረት ሞገዱን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ የቆርቆሮ ግድግዳ፣ የላሜራ በር፣ በቆርቆሮ የተከበበ ማድ ቤት፣ የብረት ቁም ሣጥንና የውኃ በርሜል ከባድ ግርዶሾች ናቸው። ብረት የታሰረበት ኮንክሪት፣ በተለይም በጂ+1 ቤት ውስጥ በሁለቱ ፎቆች መካከል ያለው ሶሌታ፣ ከዚያ ቀጥሎ ይመደባል። ወፍራም የድንጋይ ግንብ ሞገዱን በእጅጉ ያዳክማል። ብሎኬት ባዶ ሆድ ስላለው ከድንጋይ የተሻለ ያሳልፋል። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ደረቅ ሲሆን ብዙም አያስቸግርም፤ በክረምት ውኃ ሲጠጣ ግን ሞገዱን ይበልጥ ይውጣል፤ በሚያዝያ ጥሩ የነበረ መሣሪያ በሐምሌ «ተበላሸ» የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። መስመሩ ግድግዳውን አግድም ሰያፍ የሚያቋርጠው ከሆነም ሞገዱ በግድግዳው ውስጥ የሚሄደው ርቀት ስለሚረዝም ቀጭኑ ግድግዳ እንደ ወፍራም ይሆናል።

በሳጥኑ ላይ «300 ሜትር» ወይም «1 ኪሎ ሜትር» ተብሎ የተጻፈው ርቀት ምንም ግርዶሽ በሌለበት ሜዳ ላይ የሚገኘው ነው። እኔ ለጥንቃቄ የምጠቀምበት ልክ ከተጻፈው አምስተኛውን ብቻ መቁጠር ነው፤ በመስመሩ ላይ ቆርቆሮ ካለ ግን ይህም ቢሆን ዋስትና ስለማይሆን በራስዎ ግቢ መሞከር ግዴታ ነው።

3. የመሣሪያውን ዓይነት ይምረጡ

በገበያ ላይ «ገመድ አልባ» በሚል ስም የሚሸጡት የአሠራር ዘዴያቸው የተለያየ ነው።

በ433 ሜጋኸርትዝ የሞገድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) አካባቢ የሚሠሩት ለተራ የመኖሪያ ግቢ ብዙ ጊዜ የሚስማሙ ናቸው። የሞገዳቸው ርዝመት ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ግድግዳን ከ2.4 ጊጋኸርትዝ በተሻለ ያልፋሉ። ድክመታቸው አናሎግ (ድምፁን ወደ ቁጥር ሳይለውጡ የሚያስተላልፉ) ከሆኑ በዚያው ቻናል (የሬዲዮ መስመር) ላይ ያለ ጎረቤት ንግግሩን ሊሰማ መቻሉ ነው።

በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩት ዲጂታል ስለሆኑ ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ሞገዳቸው ግን 12.5 ሴንቲ ሜትር ያህል አጭር ስለሆነ በግድግዳ ቶሎ ይደክማል። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና ማይክሮዌቭ ምድጃም በዚሁ ክልል ውስጥ ስለሚሠሩ ከራውተር ወይም ከማይክሮዌቭ አጠገብ ሲቀመጡ ድምፁ ይቆራረጣል። በአንድ ጣሪያ ሥር ላሉ ሁለት ክፍሎች ይበቃሉ።

ዴክት የሚባለው የገመድ አልባ ስልክ ዘዴ እንደ ስልክ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጊዜ እንዲነጋገሩ ያስችላል፤ ንግግሩንም በምስጢር ኮድ ማስተላለፍ ይችላል። ለጂ+1 ቤትና ምስጢር ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ይህን ነው። ዋጋው ግን ከሌሎቹ ከፍ ይላል።

የዋይፋይ በር መነጋገሪያ ምስል ያሳያል፤ ሞባይልዎ ላይም ይደውላል። ራውተሩ ከበሩ ሩቅ ከሆነ፣ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ወይም መብራት ከጠፋ አብዛኛው አገልግሎቱ ይቆማል። ስለዚህ መግዛት ያለበት በውጭው በር አጠገብ ሞባይሉን ይዞ የቤቱን ዋይፋይ ጥንካሬ አስቀድሞ የተመለከተና ለራውተሩ መጠባበቂያ ኃይል ያለው ሰው ነው።

ሶኬት ላይ ብቻ ተሰክተው በመብራት መስመሩ በኩል የሚነጋገሩትም ገመድ አልባ ይባላሉ። ሁለቱም ሶኬቶች ከአንድ ትራንስፎርመር፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ፌዝ ላይ መሆን አለባቸው። ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ባለበት ግቢ ዋናው ቤት በአንዱ፣ ሰርቪሱ በሌላው ፌዝ ላይ ከሆነ ላይገናኙ ይችላሉ። መብራት ሲጠፋም አብረው ይሞታሉ፤ በእኛ አካባቢ ሁኔታ ይህን ዓይነት አልመክርም።

ጥንቃቄ፦ ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከውን መሣሪያ ፍሪኩዌንሲውን ሳያዩ አይጠቀሙ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዴክት ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርትዝ ይሠራል፤ ይህ ደግሞ የእኛ ሞባይል ስልኮች ለሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ ወደ አንቴናው በሚልኩበት ክልል ውስጥ ይወድቃል። ለአውሮፓ የተሠራው ግን ከ1880 እስከ 1900 ሜጋኸርትዝ ነው። በተመሳሳይም ከ902 እስከ 928 ሜጋኸርትዝ የሚሠራው የአሜሪካ መሣሪያ ከ900 ሜጋኸርትዝ የሞባይል ክልል ጋር ይደራረባል፤ በ462 እና በ467 ሜጋኸርትዝ የሚሠሩት ዎኪቶኪዎችም (የእጅ ሬዲዮ መነጋገሪያዎች) በዚያ ያለ ፈቃድ የሚያገለግሉት ለዚያ አገር ክልሉ ስለተለቀቀ ነው። በኢትዮጵያ የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ ሻጩን የዕቃውን ፈቃድ መጠየቅ፣ ከውጭ ከሚያስመጡም አስቀድሞ ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። ዎኪቶኪን በኢንተርኮም ምትክ ማስላክ በተለይ ሳይጠየቅ የሚደረግ ነገር አይደለም።

4. ከመክፈልዎ በፊት ሳጥኑንና የአዳፕተሩን ጀርባ ያንብቡ

የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርትዝ ነው። በአዳፕተሩ ላይ ኢንፑት በሚለው ቃል ትይዩ 100–240 ቮልት ከተጻፈ በቀጥታ መሰካት ይቻላል። 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ ግን በእኛ ሶኬት ላይ ይቃጠላል። ጠፍጣፋውን መሰኪያ ወደ ክብ የሚለውጠው ርካሽ መቀየሪያ የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው በዚህ መዘናጋት ነው።

መነጋገሪያው ኃይል የሚቀበለው በዩኤስቢ ከሆነ አዳፕተሩ ቢበላሽ እንኳ 5 ቮልትና 1 አምፔር በሚሰጥ የስልክ ቻርጀር መተካት ይቻላል፤ በፓወር ባንክም ይሠራል። በክብ ቀጭን መሰኪያ 9 ወይም 12 ቮልት የሚቀበል ከሆነ ግን ምትኩ በቮልትም በፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አቀማመጥም አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ለዚህ ነው ሁለቱ በዋጋ ሲቀራረቡ ዩኤስቢ ያለውን ይምረጡ የምለው።

ለበር መነጋገሪያ «አይፒ» የሚለውን፣ አቧራንና ውኃን የመከላከል ደረጃውን የሚያሳየውን ቁጥር ይፈልጉ። አይፒ 44 ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል፤ ከመጠለያ ሥር ለሚሰቀል በቂ ነው። አይፒ 65 አቧራን ጨርሶ የማያስገባና በግፊት የሚመጣ ውኃን የሚቋቋም ነው፤ በሩ ላይ ክዳን ከሌለ ወይም ግቢው በአቧራማ መንገድ ዳር ከሆነ ይህን ይምረጡ። ቁጥሩ ካልተጻፈ መሣሪያው ለቤት ውስጥ ብቻ ነው ብለው ይቁጠሩ።

በመጨረሻም ሻጩን በግቢዎ ካልሠራ ሊመልስልዎ ይስማማ እንደሆነ ይጠይቁትና ስምምነቱን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ሱቅ ውስጥ ሁለቱን መነጋገሪያዎች ጎን ለጎን አድርጎ መሞከር መሣሪያው መብራቱን እንጂ በእርስዎ ግቢ መሥራቱን አያሳይም።

5. ባትሪውን ይሙሉ፣ ቻናሉንና ኮዱን ያስተካክሉ

አዲስ መሣሪያ ለሙከራ ከመውጣቱ በፊት ባትሪው እስኪሞላ ድረስ ይሰካ፤ ባትሪ ሲደክም የማስተላለፊያ ኃይል ስለሚቀንስ ጥፋቱ የግድግዳ ይመስላል። በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ከሆነ አዲስና አሮጌ ባትሪ አይቀላቅሉ። ቻርጅ የማይደረግ ባትሪ ቻርጅ በሚያደርግ መነጋገሪያ ውስጥ ከትተው አይሰኩ፤ ሊፈስ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

ቀጥሎ በሁሉም መነጋገሪያዎች ላይ ቻናሉንም ኮዱንም (ሁለቱም በመነጋገሪያው ላይ የሚመረጡ ቁጥሮች ናቸው) አንድ ዓይነት ያድርጉ። ከሁለቱ አንዱ ከተለያየ አይገናኙም። ኮዱ ንግግሩን ምስጢር አያደርገውም፤ የሚያደርገው እርስዎ የሌላውን ሰው ንግግር እንዳይሰሙ መከልከል ብቻ ነው። ጎረቤትዎ ኮዱን ካጠፋ ግን በዚያው ቻናል ላይ የእርስዎን ይሰማል። ከፋብሪካ በተሞላበት ቻናል 1 ላይ አይተዉት፤ ብዙ ሰው የሚተወው እዚያው ስለሆነ መደራረቡ የሚበዛው በዚያ ላይ ነው።

6. ምንም ሳይበሱ ይሞክሩ

ከሁሉም እርምጃዎች ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው።

(ሀ) መነጋገሪያዎቹን ሊሰቀሉ በታሰቡበት ትክክለኛ ቦታና ከፍታ በናስትሮ ወይም በሲባጎ ይያዟቸው። በእጅ ይዞ መሞከር አያስተማምንም፤ የሰው አካል ራሱ ሞገድ ስለሚውጥና እጅም ስለሚንቀሳቀስ ውጤቱ ሲሰቀል ከሚሆነው ይለያል።

(ለ) በሮችን ሁሉ ይዝጉ። የላሜራው በር ተከፍቶ የተሞከረ መሣሪያ ሌሊት በሩ ሲዘጋ ላይሠራ ይችላል።

(ሐ) ረዳትዎ በበሩ ሆኖ በተለመደው የንግግር ድምፅ ከአንድ እስከ ሃያ ይቁጠር፤ እርስዎ የተሰማዎትን ቁጥር ብቻ ይጻፉ። ከዚያ ተለዋወጡና ይድገሙት። በአንድ አቅጣጫ ተሰምቶ በሌላው የማይሰማበት ጊዜ አለ፤ በደከመ ባትሪ፣ በተደፈነ ማይክ ወይም በበሩ አካባቢ ባለ ጩኸት ምክንያት።

(መ) ቁጥር ከጎደለ የውስጡን መነጋገሪያ ግማሽ ሜትር ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ያንቀሳቅሱና ይድገሙ። ከብረት የሚመለሰው ሞገድ ከቀጥታው ጋር ተገናኝቶ በአንዳንድ ነጥቦች ላይ እርስ በርሱ ስለሚጠፋፋ ትንሽ ርቀት ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ወደ መስኮት ማስጠጋት ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ከቴሌቪዥን፣ ከፍሪጅና ከራውተር ግን ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቁት።

(ሠ) ማታ ሰዎች ቤታቸው በሚገቡበትና የጎረቤት ዋይፋይ ሁሉ በሚሠራበት ሰዓት አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክሩ።

ሦስት ቦታ ቀይረው እንኳ ቁጥሮች የሚጎድሉ ከሆነ መሣሪያው ለግቢዎ አይሆንምና ሳይበሱ ይመልሱት። ከሳሎን ይልቅ ለበሩ ቅርብ በሆነው በረንዳ ወይም በሰርቪሱ ውስጥ ቢቀመጥ ይሠራ እንደሆነ ግን ከመመለስዎ በፊት ይመልከቱ።

7. ይስቀሉ

የበር መነጋገሪያው ቁልፍ ከመሬት 1.4 ሜትር ያህል ከፍ ቢል ለአዋቂ ሰው አፍና ጆሮ ይስማማል፤ ትምህርት ቤት ውለው የሚመለሱ ትንንሽ ልጆች ካሉ ወደ 1.2 ሜትር ዝቅ ያድርጉት። በላሜራ በር ወይም በቆርቆሮ አጥር ላይ በቀጥታ አይስቀሉት፤ ከጀርባው ያለው ብረት የአንቴናውን አሠራር ያዛባዋል። የተሻለው ቦታ የበሩ የግንብ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ብረት ከሆነ ያንን ቁራጭ እንጨት በመካከል ያድርጉ።

ለብሎኬትና ለድንጋይ 6 ሚሊ ሜትር ብሰው ፊሸር ያስገቡ። ብሎኬትን ትራፓኖውን በመዶሻ ምት አድርገው አይብሱ፤ ቅርፊቱ ቀጭን ስለሆነ ይፈረፈራል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ፊሸር አይይዝም፤ ግድግዳውን ቀስ ብለው እያንኳኩ ቋሚውን ወይም ማገሩን ያግኙና ቪቴውን በቀጥታ እንጨቱ ላይ ይሰሩት።

ጥንቃቄ፦ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር አይብሱ፤ የመብራት ገመድ በዚያ ያልፋል። ከመብሳትዎ በፊትም የክፍሉን ብሬከር ያጥፉ፤ ትራፓኖውን ከሌላ መስመር በተዘረጋ ገመድ ያሠሩት።

ሲሊኮኑን በበር መነጋገሪያው የላይኛውና የሁለቱ ጎኖች ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀቡ። ታችኛው ጠርዝ ክፍት ይሁን። በማታ ቅዝቃዜ ውስጡ የሚጤዘው ውኃ መውጫ ያስፈልገዋል፤ ዙሪያውን የታሸገ መነጋገሪያ ከዝናብ ይልቅ በራሱ እርጥበት ይበሰብሳል። የማይኩን ቀዳዳ በፌስታል ወይም በናስትሮ መሸፈንም ድምፁን ከማፈን በቀር ጥቅም የለውም፤ ከላይ ትንሽ የቆርቆሮ ክዳን መሥራት ይሻላል፣ ክዳኑ አንቴናውን ከፊት እስካልሸፈነው ድረስ።

8. መብራት ሲጠፋ እንዲሠራ ያዘጋጁት

የውስጥ ባትሪ የሌለው መነጋገሪያ መብራት በጠፋ ቁጥር ይዘጋል፤ የሚፈለገውም ያኔ ነው። ዩኤስቢ ያለውን በፓወር ባንክ ማሠራት ይቻላል። ለምሳሌ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሳይነጋገሩበት ጥሪ እየጠበቀ ሳለ 0.1 አምፔር የሚስብ የ5 ቮልት መነጋገሪያ ግማሽ ዋት ስለሚወስድ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ከሁለት ቀን በላይ ያቆየዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ፤ አንዳንድ ፓወር ባንኮች የሚሳበው ኃይል ትንሽ ሲሆን «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ አገናኝተው አንድ ሌሊት ያሳድሩትና ጠዋት መነጋገሪያው አለመጥፋቱን ያረጋግጡ። ራሱ ቻርጅ እየተደረገ ሌላውን የሚመግብ መሆኑንም ይጠይቁ፤ ሁሉም ይህን አያደርጉም።

መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቮልቱ ለአፍታ ከፍ ሊል ስለሚችል አዳፕተሩን ከቮልት መከላከያ ጋር ይሰኩ፤ ከሌለዎት መብራቱ ሲጠፋ ነቅለው፣ ከመጣ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ይሰኩት። ከሰኔ እስከ መስከረም ነጎድጓድ ሲጀምር አዳፕተሮቹን መንቀል የግድ ነው። መነጋገሪያው ገመድ ባይኖረውም አዳፕተሩ ከመብራት መስመሩ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መብረቅ በዚያ ይገባል። ተራ ዲቫይደር ላይ ማጥፊያ መኖሩ ከመብረቅ አያድንም።

9. ቤተሰቡን ያለማምዱ

አብዛኞቹ ርካሽ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚያናግሩ ናቸው፤ ቁልፉን የጫነ ይናገራል፣ የለቀቀ ይሰማል። ሁለቱም ከጫኑ ማንም አይሰማም። ስለዚህ ቁልፉን መጫን፣ አንድ ሰከንድ መጠበቅ፣ መናገር፣ ከዚያ መልቀቅ የሚለው ቅደም ተከተል ለሁሉም ይታወቅ። ሰከንዱን መጠበቅ ያስፈለገው መሣሪያው ማስተላለፍ እስኪጀምር የመጀመሪያው ድምፅ ስለሚቆረጥ ነው፤ ለዘበኛው ወይም ለልጅ «አትክፈት» ሲሉ መነሻው ከተቆረጠ የሚሰማው «ክፈት» ነው። ለደኅንነቱ ትእዛዙን «ቆይ፣ በሩ ይዘጋ» በሚል ዓይነት መናገርና አድማጩ የሰማውን ደግሞ እንዲናገር ማድረግ ይሻላል። የተጠራውም ሰው ቁልፉን ተጭኖ «አቤት» ካለ በኋላ መልቀቁን አይርሳ፤ ሳይለቅ ከቆየ ጠሪው ሊያነጋግረው አይችልም።

ለአረጋውያን የሚጫነውን አንዱን ቁልፍ ብቻ በጥፍር ቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ ከአልጋው እጅ በሚደርስበት በኩል ያስቀምጡት፣ ለብዙ ቀናትም በየጠዋቱ አንድ ጊዜ እንዲጠሩ ያድርጉ። የጨነቀው ሰው ያልለመደውን ቁልፍ አይፈልግም፤ ይጣራል እንጂ። በዚህም ምክንያት መሣሪያው በታማሚ ክፍል ውስጥ ብቸኛው መጥሪያ መሆን የለበትም።

ያለማቋረጥ የሚያዳምጠውን አገልግሎት በሰው ክፍል ውስጥ ሲከፍቱ ለባለ ክፍሉ ይንገሩ፤ ተከራይም ሆነ የቤት ሠራተኛ ሳያውቅ ማድመጥ ተገቢ አይደለም። ባትሪውንም ከሌላው አሠራር ሁሉ በላይ ቶሎ የሚጨርሰው ይህ ነው።

በበሩ በኩል ላልታወቀ ሰው «ብቻዬን ነኝ»፣ «አባወራው የለም» አይባልም፤ «ማን ልበል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ድምፅን በመሣሪያ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ስለሆነ የለመዱት ድምፅ ቢመስልም በቀዳዳ ሳይታይ በር አይከፈት።

10. በየወቅቱ ይፈትሹት

ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት ውስጥ ሲሊኮኑ አለመሰንጠቁን ይመልከቱ፤ በሐምሌ ደግሞ የቁጥሩን ሙከራ አንድ ጊዜ ይድገሙ። በበጋ የማይኩንና የድምፅ ማጉያውን ቀዳዳ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ አቧራና የሸረሪት ድር ድምፁን ያፍነዋል። በውኃ ወይም በአልኮል አይጠቡት። ለረጅም ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ ባትሪውን ያውጡ።

ተደጋጋሚ ስህተቶችና መፍትሔያቸው

ሲበራ ይጮኻል ወይም ያፏጫል፦ ሁለቱ መነጋገሪያዎች በጣም ተቀራርበው የአንዱ ድምፅ ማጉያ በሌላው ማይክ ስለሚገባ ነው። ያራርቋቸው ወይም ድምፁን ይቀንሱ። ዕቃው የተበላሸ መስሏቸው የሚመልሱት ብዙዎች ናቸው።

ሰው ሳይጠራ ይደወላል፦ ጎረቤት በዚያው ቻናልና ኮድ ላይ ነው። በሁሉም መነጋገሪያዎች ላይ ቻናሉን ይቀይሩ።

ጠሪው ይሰማል፣ መልስ ግን አይደርሰውም፦ በመጀመሪያ የበሩን መነጋገሪያ ባትሪ ይቀይሩ፤ ቀጥሎ ድምፁን ይጨምሩ፤ ከዚያ የድምፅ ማጉያውን ወንፊት ይጥረጉ። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ቀላሉና የተለመደው መጀመሪያ ነው።

ከዝናብ በኋላ ብቻ ይጠፋል፦ ውኃ ገብቷል ወይም ግድግዳው ረጥቧል። ለመለየት የበሩን መነጋገሪያ አውርደው በደረቅ ቦታ ያሳድሩትና ጠዋት ከዚያው ከበሩ ቦታ ይሞክሩት። ከሠራ የገባው ውኃ ነው፤ ካልሠራ ግድግዳው ስለሆነ የውስጡን መነጋገሪያ ወደ መስኮት ያስጠጉ። የረጠበውን መሣሪያ ለማድረቅ ምድጃ ወይም ከሰል አጠገብ አያስቀምጡ፤ የፕላስቲኩ ቅርጽ ተጣሞ ማኅተሙ ይከፈታል፣ ባትሪውም አደጋ ያመጣል።

ባትሪው አብጧል፦ ወዲያውኑ ይንቀሉት፤ አይብሱት፣ አይጫኑት፣ ቻርጅ አያድርጉት። ከልጆች አርቀው ከቤት ውጭ በሚቃጠል ነገር አጠገብ ባልሆነ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡትና ለሸጠው ሱቅ ወይም ለሞባይል ጥገና ባለሙያ ያስረክቡት። በቆሻሻ ውስጥ አይጣል፤ ቆሻሻ በግቢ ጥግ የሚቃጠልበት ቤት ከሆነ በተለይ።